በመርሳ ግድግዳ ላይ የተለጠፍኩበት ሳምንት

እሑድ

ይህን የምጽፈው መርሳን በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አይታችሁ ለማታውቁ ነው። የምታውቋት ደግሞ ከተሳሳትኩ አርሙኝ፤ መታረሙን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። ሥራዬ አሠልጣኝነት ነው፤ ተማሪዎች ኢንተርኔት ላይ ጨዋ እንዲሆኑ፣ ብሎግ እንዲጽፉ፣ ሰው ፊት ቆመው ሳይንተባተቡ እንዲናገሩ አሠለጥናለሁ። ይህን ሁሉ ሃያ ሁለት ስላይድ ውስጥ ጠቅጥቄ አገር ላገር እዞራለሁ። ሦስተኛው ስላይድ በቀይ የተጻፈ ነው፦ «የሰው ፎቶ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ!» እሱ ላይ ስደርስ ድምፄን ወፈር፣ መነጽሬን ዝቅ አደርጋለሁ። ያምርብኛል ይሉኛል።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እኔ፣ ሹፌራችን ታደሰ እና ባነሩ። ባነሩን ከሰው የቆጠርኩት ያለ ነገር አይደለም። ተጠቅልሎ በረጅም ጥቁር ከረጢት ይገባል፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ፣ ረጅም ጥቁር ነገር ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ምን እንደሚያስከትል እናንተው ገምቱት። በየኬላው «ይሄ ምንድነው?» «ባነር ነው።» «ይፈታ!» ታደሰ ይወርዳል፣ አስፋልት ዳር ይዘረጋዋል። ጣርማ በር ላይ ነፋሱ ነጥቆት ሦስት ፈታሾች ሮጠው ያዙልን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወልቆኝ፣ አንድ ወጣት ፈታሽ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «በኃላፊነት እንለጥፍ!» ከጽሑፉ ሥር አንድ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፎ ሠላሳ ሁለት ጥርሱን ከፍቶ ይስቃል።

«ልጁ የማነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ከኢንተርኔት የወረደ ነው።»

«አባቱ ያውቃል?»

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሳለፈን፤ ነገሩንም እዚያው ጥዬው ሄድኩ።

ምሳ ከሚሴ በላን። አዲስ አበባ አስተናጋጅ ለመጥራት እጅሽን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ስታወዛውዢ ትውያለሽ፤ ከሚሴ ግን ገና ሳትቀመጪ ውኃው በጆግ መጥቶ እጅሽ ላይ ይፈስሳል። ማታ ደሴ አደርን። የሆቴሉ ባለቤት ስንዘፈዘፍ አይታ «የደሴ ብርድ እንደናንተ አገር አይምሰልሽ፣ እህቴ» ብላ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። ጠዋት አስተያየት መስጫው ላይ «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ስለ ጋቢው አልጻፍኩም። ያኔ እንዲህ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ።

ሰኞ

ሐይቅን አልፈን፣ ከውጫሌ ቁልቁል ወርደን፣ ውርጌሳን ስናልፍ አገሩ ሞቀ። ጥቅምት ስለሆነ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፤ ማማ ላይ የወጡ ጠባቂዎች ወፉን እየጮሁ ያባርራሉ። መርሳ አንድ ረጅም መንገድ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ግራና ቀኟ ሱቅ፣ ባጃጅና የፍራፍሬ መደብ። ባጃጁ እንኳን አዲስ አበባ እንዳለው አይሳደብም፤ ጥሩንባ ነፍቶ ሲያበቃ ሰላም ይላል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀበለኝ የኮምፒውተር መምህሩ ሰይድ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ ብቻ የሚስቅ ሰው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ሰናይት። አንድ ነገር ብቻ፣ ኢንተርኔቱ ከአሥር ቀን ወዲህ የለም። ስልክ መደወል ነው የሚሠራው።»

ክው አልኩ። ኢንተርኔት በሌለበት የኢንተርኔት ሥነ ምግባር ላስተምር? አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ ደወልኩ።

«ችግር የለም፣ በወረቀት ቀጥይ» አለኝ። «ዋናው ፎቶው ነው። ግን ስሜት የሚነካ ይሁን! ያለፈው ጊዜ ሁሉም እየሳቁ ነው የላክሽልኝ።»

«በወረቀት ቀጥይ አሉኝ» አልኩት ሰይድን፣ ኀፍረቴን በሳቅ ለመሸፈን እየሞከርኩ።

«እኛም በወረቀት ነው የቀጠልነው» አለና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደኝ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት የተሸፈነ ግድግዳ ነው። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ተማሪዎቹ ብሎጋቸውን በደብተር ወረቀት እየጻፉ ይለጥፋሉ፤ አንባቢው አስተያየቱን ከሥር በእርሳስ ይጽፋል። ቀረብ ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ላይ ፊርማ አለ። አንዳንዱ ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የተጻፈበት ሰው ነዋ» አለ ሰይድ። «አምና አንድ ተማሪ አንዲትን በርበሬ ሻጭ ሚዛን ታጎድላለች ብሎ ለጠፈባት። ውሸት ነበር። ሴትዮዋ ሽማግሌ አስቀመጠች፣ ሽማግሌዎቹም ስሙ የተነሳ ሰው ተነቦለት ሳይፈርም ወረቀት ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የአሻራ ቀለም ይዘው ገበያ ይወጣሉ።»

«ስድብስ አያስቸግራችሁም?»

«በእጅ ጽሑፉ ይታወቃላ!»

እኔ፣ ሃያ ሁለት ስላይድ ይዤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁት ሴት፣ ግድግዳውን አይቼ በሆዴ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ወይ ምስኪኖች!»

ማክሰኞ

ሥልጠናው ተጀመረ። ባነሩን ሰቀልን። አርባ ተማሪ አስነስቼ እጃቸውን አስጨበጨብኩ፣ አስዘለልኩ፤ ሥልጠና ያለ ዝላይ ሥልጠና አይመስለንም። ከዚያ ደንብ አወጣሁ፦ ስልክ ይዘጋ፣ ሰዓት ይከበር፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።

ሦስተኛው ስላይድ ላይ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ በምጀነንበት ሰዓት፣ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው። እጅሽን አውርጂ» አልኳት። አወረደች። መጨረሻው ግን አልደረሰም፣ ምሳ ደረሰ።

ልጅቷ ሀያት ይማም ትባላለች፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ቆሞ እንዲያቀርብ አደረግኩ። አብዛኞቹ ወለሉን እያዩ አጉተመተሙ። ሀያት ግን ወጥታ «የአባቴ ማንጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙን ይቀይራል» ብላ ጀመረች። መርሳ የተለቀመው ማንጎ ሾላ ገበያ ላይ የአርባ ምንጭ ተብሎ ሲሸጥ አባቷ በዓይናቸው አይተው መጥተዋል። «ማንጎ አፍ የለውም፤ የት አገር ነህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም» ስትል ወለሉን ያዩ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። ወረቀቷ ግርጌ የአባቷ ፊርማና የአራት ነጋዴዎች አሻራ ነበረ።

ዓርብ ወልድያ በሚደረገው የየትምህርት ቤቱ ሥልጠና መዝጊያ ላይ ትምህርት ቤቱን ወክላ እንድትናገር እሷን መረጥን። ደስታዋ ግማሽ ነበር።

«አባቴ እንዲፈቅድ ዱዓ አድርጉልኝ» አለችን። «እህቴ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ከዓይኑ እንድርቅ አይፈልግም። ይቺን ስልክ ራሱ በስንት ልመና ነው የገዛልኝ።»

ሰይድ በዚያው ሰዓት ደወለላቸው። ፈቀዱ። ሀያት ከመሬት አንድ ክንድ ዘለለች፤ ያውም ሳላስዘልላት።

እሷን ግድግዳው ፊት አቁሜ ፎቶ አነሳኋት። «ለምንድነው፣ እትዬ?» አለች።

«ለሪፖርት ነው።»

«እሺ» አለች። ሪፖርት መዝገብ ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ነገር መስሏት ነው። እኔም አላስረዳኋትም።

ማታ እኔና ታደሰ ለኔትወርኩ ብለን ወልድያ ወጣን። ሆቴሉ የአዲስ አበባን ሆቴል ሊመስል ብዙ ደክሟል፤ አሳንሰር አለው፣ አይሠራም። መብራት ግን ነበር፣ ኢንተርኔትም ነበር። ፎቶውን ከፈትኩት። ሀያት ፈገግ ብላለች፤ ያ አልተመቸኝም። ሌላ ሳይ ፈገግ ከማለቷ በፊት የተነሳ አገኘሁ። በግራ በኩል በተከፈተው በር የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ይታያሉ። ቆረጥኳቸው። ከዚያ ፌስቡክ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ይህች ምስኪን የድሃ ገበሬ ልጅ ኮምፒውተር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግን ህልም አላት! ህልሟን በወረቀት ትለጥፋለች። አንድ ላይክ ለእሷ!» ከሥሩ የተሰበረ ልብ አስቀመጥኩ።

አለቃዬ ወዲያው አጋራው። «አሁን ገና ገባሽ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ወደ መርሳ ስንመለስ ሲሪንቃ አጠገብ ጎማ ፈነዳብን። ታደሰ ክሪኩን ሲፈልግ አንድ ገበሬ ማሳውን ትቶ መጥቶ ከመኪናው ሥር ገባለት። ሲጨርስ ምን ቢሰጠን ጥሩ ነው? ጥንቅሽ! ማሳው ገብቶ ሸንበቆ የሚያክል ቆርጦ «መንገድ ላይ አፋችሁ እንዳይደርቅ» አለን። እኛ ሰፈር ጎማ ሲፈነዳብሽ የሚመጣው ሰው ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋው ነው። ጥንቅሹን እየመጠጥኩ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ የተከፈተልኝን አስተያየት አነበብኩ። «እግዚአብሔር ይርዳት።» «አካውንቷ ይለቀቅልን።» «ጫማዋን አያችሁት? አንጀቴን በላችው።» አንዱ ደግሞ «እኔ ላግባትና ከድህነት ላውጣት» ብሏል። እሱን ሳይ ጥንቅሹ አልጣፍጥ አለኝ። ግን ላይኩ ሺህ አልፎ ነበርና ጽሑፉን አልሰረዝኩትም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰይድ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዛሬ ዓይኑም አልሳቀም።

«ሀያት አልመጣችም። አክስቷ ከሪያድ ደውላ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ‘ወንድሜ፣ ምን ደረሰባችሁ፣ ልጅቱ በፌስቡክ ይለመንላታል’ ብላ። አባቷ ስልኳን ተቀብለዋታል። ዓርብም ወልድያ የሚባል ነገር የለም ብለዋል።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ማንን ለማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ወደ ቤታቸው ሄድን። የድሃ ገበሬ ያልኳቸው ሰውዬ ቤት ብሎኬት ነው፤ ከእኔ ኪራይ ቤት ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ግቢው በማንጎና በፓፓያ ዛፍ ጥላ ተሸፍኗል። አያ ይማም ረጅም፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። በር ላይ ሰላም አሉን፣ አስገቡን፣ አስቀመጡን። አፌን ከፍቼ «ጋሽ ይማም፣ እኔ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«መጀመሪያ ይብሉ።»

«ኧረ እኔ ለይቅርታ...»

«ጸቡ ይደርሳል። መንገደኛ ነዎት፣ ይብሉ።»

ባለቤታቸው ዘይነባ ገበታውን አቀረበች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የተቆረጠ ፓፓያ። ከምግቡ ውስጥ ሥጋ የሚባል የለም። ቀና ብዬ ሳያት «ረቡዕ አይደል? የናንተን ጾም እናውቃለን» አለች። እኔ ራሴ ረስቼው ጠዋት ወልድያ እንቁላል በልቼ ነበር! በሰው ቤት፣ በሰው ቂም መካከል፣ ጾሜን ያስታወሰችኝ ሙስሊም ናት። ሆኖም በላሁ፣ አለመብላት ሌላ ጥፋት እንዳይሆንብኝ።

እጅ ከታጠብን በኋላ አያ ይማም ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ አንቱታቸውን አልተዉም።

«ልጄ ለምን ታየች አላልኩም። ከሰው ፊት ቆማ ስትናገር ማየት የምፈልገው እኔው ነኝ። እርስዎ ግን ቤቴን ሳያዩት አደኸዩት። ሰው ሲቸገር ከእኔ ይበደራል፣ ዛሬ ጎረቤቴ ‘ተለመነልህ አሉ’ ብሎ ያሾፍብኛል። አንዱ ደግሞ ልጄን ላግባት ብሏል አሉ። ማነው እሱ? የማን ልጅ ነው? የት ሄጄ ልጠይቀው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ይማም። አጥፍቻለሁ።»

«በጓዳ የሚሰጥ ይቅርታ ለጓዳ ጥፋት ነው። እርስዎ ያጠፉት አደባባይ ነው። ሽማግሌ ይየው።»

ሀያት በጓዳው መጋረጃ በኩል ቆማ ነበር። አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም።

ሐሙስ

በወሎ ሽምግልና ሃይማኖት አይለይም። ከአንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፦ ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ሼህ ሙሄ፣ እና ነጠላ ያጣፉት አያ ካሳው። ቦታው ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ነው። አርባዎቹ ተማሪዎች እንዲቀመጡ ያዘዙት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ «ባስተማረቻቸው ፊት ይሁን» ብለው። አያ ይማም በስተቀኝ፣ ሀያት ከጎናቸው።

እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ቆምኩ። ይህን ሥራ አሥር ዓመት ሠርቼዋለሁ። የዓይን ግንኙነት፣ የድምፅ አወጣጥ፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ሁሉንም አስተምራለሁ። ግን ዓይኔን ከስክሪኑ ማንሳት አቃተኝ።

«ክዳኑን ዝጊው፣ ልጄ። ፊትሽን ሸፈነው» አሉ አያ ካሳው።

ዘጋሁት። ጽሑፌን ከስልኬ እንዳነብ ታዘዝኩ። «ይህች ምስኪን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ድገሚው» አሉ ሼህ ሙሄ፤ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ይህን ማክሰኞ ለተማሪዎቹ ስል የነበረው እኔ ነኝ። ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። ደግሜ አነበብኩ። «የድሃ ገበሬ ልጅ» ስል አያ ይማም አንገታቸውን ሰበሩ።

«ሰውየውን ታውቂው ነበር?» አሉኝ አያ ካሳው።

«አላውቃቸውም ነበር።»

«ልጅቱ ኮምፒውተር አይታ አታውቅም ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ፎቶውን አስፈቅደሻት ነበር?»

«ለሪፖርት ነው ብያት ነበር።»

«እኔ ሃያ ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ» አሉ። «ሪፖርት አውቃለሁ። ሪፖርት መዝገብ ቤት ነው የሚያድረው። ያንቺን ሪያድ ድረስ ምን አስኬደው?»

ከዚያ ስልኬ ላይ ተከፍተው የቀሩትን አስተያየቶች እንዳነብ አዘዙ። አነበብኩ። ስለ ጫማዋ የተጻፈውን ሳነብ ሀያት እግሯን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰበች። ላግባት ያለው ጋ ስደርስ ስልኩን ዝቅ አደረግኩ።

«አንብቢው» አሉ ሼህ ሙሄ።

«አልችልም፣ ሼህ። አባቷ ፊት?»

«እንግዲያ አባቷ በሌለበት ለሺህ ሰው ለምን አስነበብሽው?»

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ አርባ ተማሪ ፊት አለቀስኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ብሰርዘውም ያጋራው አጋርቶታል፣ ያየው አይቶታል። ያን ሁሉ ዓመት ‘ሰርዝ’ የሚለውን ቁልፍ የት እንደሆነ ሳስተምር ኖሬ፣ የማይሰረዝ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ፍርዱ ይህ ነበር፦ እውነቱን በእጄ እንድጽፍ፣ ለአያ ይማም አንብቤላቸው እንዲፈርሙ፣ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ፣ ከዚያም ያንኑ ቃል በቃል ወልድያ ሄጄ የመጀመሪያው በተለጠፈበት እንድለጥፍ። ተቀምጬ ጻፍኩ። አያ ይማም እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። «‘የተከበሩ ባለሀብት’ የሚለውን ያውጡት፤ ይሄም ውሸት ነው። ማንጎ አልሚ ይበሉ።» ሦስተኛው ላይ ፈረሙ።

«አፉ ብያለሁ» አሉ። ይቅር ብያለሁ ማለታቸው ነው። ከኮታቸው ኪስ ስልኩን አውጥተው ለሀያት ሰጧት። «ዓርብ ትሄዳለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ሼህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፤ አሚኑና አሜኑ ተደባልቆ ወጣ። አያ ካሳው መጨረሻ ላይ ጣታቸውን አንስተው «የታረቀ ነገር ከእንግዲህ ስም እየተጠራ አይወራም» አሉ። ተማሪዎቹ ግን ግድግዳው ላይ እስክለጥፍ ነው የጠበቁት። እርሳሳቸውን ይዘው ወረዱብኝ። «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ትንሽ ረዘመ።» «እትዬ፣ መስመር ይጠብቁ።» አንዱ ደግሞ «አይዞዎት፣ እኔም አምና በበርበሬዋ ሴትዮ ጉዳይ እዚህ ቆሜ ነበር» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል።

ዓርብ

ወልድያ። አዳራሹ በባጃጅ በመጡ ተማሪዎች፣ በመኪና በመጡ ኃላፊዎች ተሞላ። ፕሮግራሙ ከጁምዓ ሶላት በፊት እንዲያልቅ በጠዋት ተጀመረ፤ የመክፈቻ ንግግሮቹ ግን ይህን የነገራቸው ያለ አይመስልም። ሦስተኛው ተናጋሪ ገና «በአጭሩ» ሲሉ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፣ የእኔም ሃያ ሁለት ስላይድ አብሮት።

አለቃዬ ለመዝጊያው ከአዲስ አበባ መጥቶ ከጎኔ ተቀምጧል። ማክሰኞ ያጋራውን ጽሑፍም ሆነ ሐሙስ ማታ የተካሁትን አላነበበም፤ የሚያጋራውን ማንበብ ልማዱ አይደለም።

ሀያት ተራዋ ሊደርስ ሲል ወደ እኔ መጣች። ከማክሰኞ ወዲህ በቀጥታ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እትዬ፣ የእርስዎን ነገር እንደ ምሳሌ ባነሳው ይፈቅዳሉ?»

ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። አራት ቀን ሙሉ ሥልጠና ላይ ነበርን፤ ስላይዱ የሚለውን ያደረገ ሰው ያየሁት አሁን ነው። እምቢ ብል መብቴ ነበር። አባቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ዓይናቸውን መድረኩ ላይ ተክለዋል።

«ፈቅጃለሁ» አልኳት። ድምፄ ወፈር አላለም።

ወጣች። ማይክ የለም። «የአባቴ ማንጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙን ይቀይራል» ብላ ስትጀምር የኋላው ረድፍ ድረስ ተሰማ። ስለ ማንጎው ተናገረች። ከዚያ «ሰውም እንዲሁ ነው» አለች። «አንዲት ሴት አገራችን መጣች፣ ፎቶዬን አነሳች፣ የት አገር ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ሳትለኝ ስሜን ‘ምስኪን’ ብላ ቀየረችው። ሴትዮዋን አልጠራትም። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ግን ታርቀናል፣ የታረቁትን ሰው ስም መጥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

አርባው የመርሳ ልጅ የሚያውቀውን ነገር፣ አንዱም ወደ እኔ አልዞረም። ወይ አገር!

አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ማን ትሆን ይቺ ባለጌ? የየትኛው ድርጅት ናት? እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከሥራ ማባረር!»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹም፣ ልጅቷም፣ አባቷም ሸፍነውኛል። ግን የአያ ይማም ጀርባ ከፊቴ ነበር። እጄን አወጣሁ፣ ክንዴ እስኪዘረጋ።

ሀያት አየችኝ። ምን ልናገር እንደሆነ ገብቷታል። ፈገግ አለች፤ ያቺ ማክሰኞ ያልተመቸችኝ ፈገግታ።

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው፣ እትዬ» አለች። «እጅዎን ያውርዱ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጄን አወረድኩ። ሀያት ስትጨርስ አያ ይማም ከሁሉ ቀድመው ቆመው አጨበጨቡ፣ ዓይናቸውንም በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። የጥያቄ ሰዓት ግን አልደረሰም። ጁምዓ ደረሰ፣ ምሳ ደረሰ፣ ኃላፊዎቹ ተነሱ።

ቅዳሜና እሑድ ተመለስን። ባነሩን ሸዋ ሮቢት ላይ አስፈቱን፣ ያው ፈታሽ አወቀን፤ «የልጁን አባት አገኛችሁት?» አለኝ። እየፈለግን ነው አልኩት። ይህን ጽሑፍ ለአያ ይማም በስልክ አንብቤላቸው «ይውጣ» ብለዋል። ሀያትም ሰምታ አንድ ቃል አርማለች።

አለቃዬ ግን ያቺ ባለጌ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። እጄ ከዓርብ ጀምሮ ጥያቄው እስኪደርስ እየጠበቀ ነው። ይኸው መጨረሻው ላይ ደረስን፦ እኔ ነኝ።